በቃሬዛ የመጣው ፕሮፔለር

ነሐሴ 2፣ ረፋድ፣ ሞጣ

ዛሬም ዝናብ። ዛሬም ሽሮ። ሜዳ ወርጄ መጣሁ። ሜዳ ማለት ይከብዳል፣ ማጥ ነው። አውሮፕላናችን አፍንጫዋን እንደደፋች አለች። መካኒካችን ሃምሳ አለቃ ጀማል ሸራ ደርቦላት ከክንፏ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። የፕሮፔለሯ ጫፍ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዟል። ሁለተኛ አላየውም እላለሁ፣ ሄጄ አየዋለሁ።

ደብተሬ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር የለም፤ ግን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት አውርደን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ልንመለስ ነበር የመጣነው። መሪውን የያዘው ሻምበል አስፋው። እኔ ከጎኑ። ጀማል ከኋላ ካርቶን ታቅፎ። የሜዳው ጠንካራ ጎን በነጭ ድንጋይ ተከልሏል፤ እኔ ከሩቅ ታይቶኛል። ሻ/ል አስፋው ግን ከድንጋዩ ወዲያ፣ አረንጓዴው ላይ ይዟት ወረደ። ድንጋዩ! ድንጋዩ! ብዬ ጮህኩ። የት ጋ ነው አለኝ። ከዚያ ጭቃ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ጀማል ከካርቶኑ መሃል ሆኖ አላህን ሲያመሰግን።

የተጎዳ ሰው የለም። አንድ ካርቶን የሳል ሽሮፕ ነው የፈሰሰው።

ነሐሴ 4፣ ከቀትር በኋላ

ስልክ ቤት ተጠራሁ። ከቤዝ ሻለቃው ነው፣ የቡድናችን አዛዥ። አዲስ ፕሮፔለር በጭነት መኪና ተልኳል፣ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ ይመጣል አለኝ። እሰይ። ቀጥሎ የጄቱን ነገር አነሳ። የጄት በረራ ለመማር ወደ ውጭ የሚላኩት ሰዎች ዝርዝር ነሐሴ ሳያልቅ ይዘጋል። ስሜ አለበት። ግን አውሮፕላን ያበላሸ ሰው አይላክም። ስለዚህ፣ መ/አ ይልማ፣ ስታርፉ መሪውን የያዘው ማን ነበር?

አይሰማኝም አልኩ። ሃሎ፣ ሃሎ። ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስልከኛው አቶ ምናለ ደግሞ ከጎኔ ሆኖ መስመሩ ደህና ነው ጌታዬ፣ ይናገሩ እንጂ ብሎ ይጮኻል። ሊያጠፋኝ! ዘጋሁት። አቶ ምናለ የሰማውን ሞጣ በሙሉ ሳይመሽ ይሰማዋል።

ምን ልበል? ሻ/ል አስፋው ነው ብል ከበረራ ይወርዳል። አምስት ልጅ አለው፣ ከመብረር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። እኔ ነኝ ብል ጄቷን ባየሁሽ እያልኩ እቀራለሁ። ዕድሜዬ ለሌላ ዙር አያደርሰኝም። ዝም ብልም ሻለቃው ነገ ይደውላል። ዙሪያዬን ጭቃ ነው፣ ውስጤም ጭቃ ነው።

ነሐሴ 5፣ ማታ

የምናድረው ወ/ሮ ጥሩነሽ ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ሻ/ል አስፋው ሲያንኮራፋ አንድ ሲሊንደር የጎደለው ሞተር። ዛሬ ጀማል እስላም ነጋዴዎቹ ሰፈር ተጋብዞ ዋለ። እኛ በፍልሰታ ጎመን ስናመነዥክ መጥቶ መሃላችን ተቀመጠና ጥርሱን ይጎረጉራል። የበግ ሽታው ቤቱን ሞላው። ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ ልጄ፣ ለነዚህ ለሁለቱ ብለህ ውጭ ጎርጉር አሉት። ሳቅን። ከመጣን እንዲህ ስቀን አናውቅም።

ጠላው ሲገፋ ሻ/ል አስፋው በቃሉ ይወርደው ጀመር። የዓይን ሐኪሙን ሰሌዳ! ከላይኛው ትልቅ ፊደል እስከ ታችኛው ደቃቃ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም፣ ሳይሳሳት። በግራ ዓይን ሲሉ እንዲህ፣ በቀኝ ዓይን ሲሉ ከታች ወደ ላይ። ሁለት ምርመራ በዚህ አልፏል። ሐኪሙ ሰሌዳውን የቀየረ ቀን ግን ጉዴ ፈላ አለ። ጀማል ከት ብሎ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎታል። እኔ አልሳቅሁም። ሻ/ል አስፋውም እንዳልሳቅሁ አየኝ። ያን ያህል ያያል።

ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 8

ፕሮፔለሩ ቢቸና ደረሰ። ደረሰና ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ መኪና አያሳልፍም፣ ሾፌሩ አንድ ስንዝር አልነቃነቅም ብሏል። እኔ ሄጄ በሰው አመጣዋለሁ። ሻ/ል አስፋው ጉልበቱ እምቢ ብሎታል፣ ጀማል ከአውሮፕላኗ አይለይም። ሰዉ አሁንም እየመጣ ከሩቅ ያያታል፤ መሬት ለግብር ልትለኩ ነው የመጣችሁት የሚል አለ። መድኃኒት ነው ብንል ማን አምኖን።

ዝናቡን አይቶ ሻ/ል አስፋው ጃኬቱን አለበሰኝ። ያቺን የቆዳ፣ አንገቷ ጠጉር ያላትን። ለማንም አስነክቷት አያውቅም። ብትጥላት ራስህም አትመለስ አለኝ።

ከዚህ ጭቃ መውጣቴ ነው መሰለኝ፣ ደስ ብሎኛል። ለሻለቃውም የማልመልስበት ቀን አገኘሁ።

ነሐሴ 10፣ ቢቸና

ሱሪዬ ሁሉ ጭቃ። ታፋዬ በበቅሎ ኮርቻ ተልጧል። አየር ላይ ብንሆን ሲጋራ ለኩሰህ ሳትጨርስ እንደርስ ነበር! ሣጥኑን አየሁት፣ ሰው ያህላል። ተሸካሚዎች ተገኙ። ነገ እንነሳለን።

እዚህም ስልክ አለ። በደጁ አለፍኩ፣ አልገባሁም።

ነሐሴ 12፣ ደብረ ወርቅ

ጉድ ነው ደብተሬ። ልስቅም ነው፣ ላለቅስም ነው።

ትናንት ሣጥኑን ትርፍ በቅሎ ላይ ጫንነው። ረጅም ስለሆነ ወዲያ ወዲህ ሲል በቅሎዋ ደነበረችና አሽቀነጠረችው። ሣጥኑ ተሰበረ፣ ፕሮፔለሩ ደህና። ጀማል አስጠንቅቆኛል፤ መሃሉ ያለውን ቀዳዳ ጭቃና ውሃ እንዳይነካው፣ ከነካው አልገጥምልህም ብሏል። እኔም አቡጀዴ ገዝቼ ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛ ሠሩ፤ ለእነሱ የሚቀናቸው እሱ ነው፣ በሽተኛም ሬሳም የሚሄደው በእሱ ነው። ዝናቡ ሲብስ ጃኬቱን አውልቄ መሃሉ ላይ ደረብኩበት። ባርኔጣዬንም ጃኬቱ ላይ። እኔ የተሸካሚ ጋቢ ተከናንቤ፣ በበቅሎ፣ ከኋላ። አንዴ ቆም ብዬ ከሩቅ ባየው ምን ነበረበት!

የመጀመሪያዎቹ ከገበያ የሚመለሱ ነበሩ። ሸክማቸውን አወረዱ። ራሳቸውን ገለጡ። አንድ ጎልማሳ መጥቶ ቃሬዛውን ከፊተኛው ትከሻ ተቀበለ፣ ሌላው ከኋለኛው። ማን ነው የሞተው ያለ የለም። እዚህ አገር ሬሳ ሲያልፍ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ተራህን ትሸከማለህ፣ ነፍስ ይማር ብለህ ለሚቀጥለው ታስረክባለህ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት አንዲት አሮጊት ቀደሙኝ። እኔን! እኔን! የእናቱን አንጀት! ብለው ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ በኋላ እማማ፣ ብረት ነው እንዴት ይባላል? ተሸካሚዎቼማ ምን ጎደለባቸው፣ ባዶ ትከሻቸውን እያወዛወዙ ይከተላሉ። አንዱ እንዲያውም አብሮ እንባውን ይጠርጋል፣ አጭበርባሪ!

መንደር ለመንደር ሲቀባበሉት ዋሉ። አንድ የሞጣ ነጋዴ በበቅሎ ደረሰብን። ጃኬቱንና ባርኔጣውን ትኩር ብሎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እጅ ነስቶ ገሰገሰ። ወንዙ ጋ አንድ ቄስ አግኝተውን ፍትሐት ሊጀምሩ ሲሉ ግን ፈራሁ። ከበቅሎ ወርጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አዩኝ። በጃኬቱ ሥር እጃቸውን ሰደው ብረቱን ዳሰሱ። ከዚያ ወንዙን አዩ፣ ሙላቱን፣ ጨለም ያለውን ሰማይ፣ ያን ሁሉ ሰው። በሉ ልጆቼ፣ በርቱ፣ አሻግሩት አሉ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሰዉ እያለቀሱ መስሎት ባሰበት።

እኔም ሳቄ መጣ። ወዲያው ሆዴ ባባ። ለማላውቀው ሰው፣ ለብረት፣ ይህን ያህል ትከሻ! እኔ ደግሞ ለአንድ ወዳጄ አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ ስልክ እየዘጋሁ ነው።

ወስኛለሁ። ሞጣ እንደገባሁ እደውላለሁ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ጄቷም ትቅር። (ተጻፈ።)

ነሐሴ 14፣ ሞጣ፣ ማታ

ገባን። ከከተማው አፋፍ ጀምሮ ሰው። ነጭ የለበሰ። ዋይታ። ያ ነጋዴ ቀድሞን ነግሯል፤ ከአውሮፕላን ሰዎቹ አንዱ ሞቶ በቃሬዛ እየመጣ ነው፣ አንገቷ ጠጉር ያላት የቆዳ ጃኬት ተደርቦበታል ብሎ። ጃኬቷን ሲሰማ ሻ/ል አስፋው ሌላ ምስክር አላስፈለገውም።

ከፊት ቆሟል። ጋቢውን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። ከበቅሎ ወርጄ ጋቢዬን ገለጥኩ። አጠገቡ ስቆም እንኳ አለየኝም። ሻምበል፣ እኔ ነኝ ስል ነው ድምጼን የለየው። መጀመሪያ በጥፊ አጮለኝ። ቀጥሎ አንቆ አቀፈኝ። አልለቀኝም። ወ/ሮ ጥሩነሽ እልል አሉ፣ ሴቶቹ ከዋይታው ወደ እልልታው ዞሩ። ጀማል አቡጀዴውን ፈቶ ቀዳዳውን መረመረ። ደረቅ ነው አለ። እሱም እንባውን የጠረገው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ዋናውን ስሚ። ትናንት ሻ/ል አስፋው ሞቴን እንደሰማ ስልክ ቤት ሮጧል። ሻለቃውን አስጠርቶ ሁሉንም ተናዘዘ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ አያይም፣ ሰሌዳውን በቃሌ ነው የማልፈው፣ ልጁ ንጹሕ ነው፣ ስሙ በንጽሕና ይጻፍለት። አቶ ምናለ ሲነግረኝ ያለቅሳል። ሻለቃው በዚያው ቀን እኔን ከዝርዝሩ ሰርዞ ሌላ አስገባ። እሱን ከበረራ አወረደው። ለእናቴ ግን አልነገረም! መርዶ በስልክም በቴሌግራምም አይሆንም ብሎ፣ ጾሙ እስኪፈታ ሽማግሌ እያፈላለገ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ክፉ ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ደስታ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጥያቄው ከጫንቃዬ ወረደ፣ ሳልመልሰው ተመለሰ። ሁለተኛ የተሰማኝ ማፈር ነው፣ አሁንም አልለቀቀኝም።

ሻ/ል አስፋው እየሳቀ ነው። ላንተ ስል ዓይኔን ሰጠሁ፣ አንተ ደግሞ መኖር አማረህ! ይለኛል።

ነሐሴ 15

ቀብሬን አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጥሩ ቦታ። ቆፋሪዎቹ ርዝመቴን በዓይናቸው ለክተው በቃው አሉ፤ የቁፋሮ ጠላቸውን ግን አልማሩኝም። ወ/ሮ ጥሩነሽ አፈሩ ቶሎ ይመለስበት እያሉ ያስቸኩላሉ። ሻ/ል አስፋው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ ከሜዳው ይሻላል፣ ደረቅ ነው አለ።

ሻለቃውን በስልክ አገኘሁት። በሕይወት መኖሬን ለማመን የመለያ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ። አውሮፕላኗን አንተ ይዘህ ና። ዝርዝሩ ሳይዘጋ ራስህ ከደረስክ ስምህን እመልሳለሁ። ሻ/ል አስፋው መሪ እንዳይነካ፤ መንገዱ ሲከፈት በመኪና ይምጣ። ገባህ? ዛሬ አይሰማኝም አላልኩም። ገብቶኛል አልኩ።

ልነግረው የወሰንኩትን አልነገርኩትም። እኔ ነበርኩ ብዬ አሁን ብዋሽ ማን ያምነኛል? ሻ/ል አስፋው ለሬሳዬ ብሎ እውነቱን ከፍሎ ጨርሷል። እኔ ዘገየሁ።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ዶሮ! ጀማልም የራሱን እስላም ሰፈር አሳርዶ ከእኛ እኩል በላ፣ ማን ጾሟል ብለህ ነው ብንለው እናንተን ማየት ራሱ ጾም ነበር አለን። ፀሐይ ወጥታለች። ሞጣ በፀሐይ ሌላ አገር ነው።

ለቀብሬ የመጣው የገጠር ሰው አልተበተነም። ሬሳ የለም ከተባለማ ምን እንሥራ አሉ። አሁን ሜዳው ላይ ናቸው። ድንጋይ ይሸከማሉ፣ ቦይ ይቀድዳሉ፣ ጭድ ይበትናሉ። ከሚያዜሙት ግጥም ውስጥ ስሜ አለ። መሬት ልትለኩ ነው ያለን ሰውዬ ትልቁን ድንጋይ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ሞተን ብታየን አንተስ ትወደን ነበር ወይ አለኝ።

ነሐሴ 18

ፕሮፔለሩ ተገጠመ። ሞተሩ ሠራ። ከተማው አጨበጨበ። ሜዳው እየጠነከረ ነው፣ ግን አጭር፤ ቀላል ሆነን ነው የምንነሳው። ዕቃው ይቀራል። ጀማል ከዕቃው ጋር በመንገድ ይመጣል።

ሻ/ል አስፋው ዛሬ ቀልድ አልቆበታል። ጀማል ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት፣ እኛ ሳንነሳ፣ ሻምበል እየመጣ አውሮፕላኗ ውስጥ ይቀመጣል። ግራ ወንበር ላይ፣ የአብራሪው ቦታ። ዓይኑን ጨፍኖ። እጁ አንድ በአንድ ሁሉንም ይነካል፣ ነዳጁን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን፤ አንድም ጊዜ አይስትም። ጀማል አይቶ እንዳላየ ሸራውን መልሶ ይጥልበታል።

እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ነሐሴ 19

ለሻ/ል አስፋው ነገርኩት። ነገ እርስዎ ነዎት የሚያነሷት አልኩት። እኔ ከጎንዎ ተቀምጬ አያለሁ፣ የማየውን እነግርዎታለሁ፣ ቤዝ ስንደርስ እኔ አሳርፋታለሁ።

ተቆጣ። አብደሃል? ጄትህስ? ሜዳው ላይ ሻለቃው ራሱ ቆሞ ነው የሚጠብቀን፣ ከግራ ወንበር ስወርድ ያየኛል፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይቀብረናል። በመኪና እመጣለሁ፣ እንደማንኛውም ጆንያ። ፊቱን አዞረ።

ሞቼ የለ እንዴ፣ ሬሳ ይከሰሳል? አልኩት።

መጀመሪያ አልሳቀም። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ። ወ/ሮ ጥሩነሽ ምን ሆናችሁ ልጆቼ ብለው ገቡ። ቀበርኩት ያልኩት ሰው ያስቸግረኛል አላቸው። እሺ ግን አላለኝም።

ጄቷን እፈልጋታለሁ ደብተሬ። አልዋሽሽም። ዛሬም ከሁሉ በላይ እፈልጋታለሁ። ሻለቃው ሻ/ል አስፋውን ከግራ ወንበር ሲወርድ ካየው ስሜ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን በሙሉ ሰውነቱ የሚያውቃትን ነገር ሳይሰናበታት በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ከላይ ሆኜ እያየሁ ማለፍ አልችልም። አልችልም አልኩ፣ አበቃ።

ነሐሴ 20፣ ጠዋት፣ ሜዳ

ጉልበቴ ላይ አስቀምጬሽ ነው የምጽፈው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነፋሱ ከፊታችን፣ ደህና ነው። ሰዉ ሜዳውን ግራና ቀኝ ከቦ ቆሟል፣ ነጩን ድንጋይ ዛሬ ጠዋት አጥበውታል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ዳቦ ቋጥረውልኛል፤ ክብደት ነው ብል አልሰሙኝም።

ጀማል ጎማውን እንደሚያይ ሰው ጀርባውን ሰጥቶናል። ማን የት እንደተቀመጠ አላየሁም፣ ከጠየቁኝም ቁርዓን ይዤ አልምልም ይላል። ቀኝ ወንበር ላይ ነኝ። ግራው እስካሁን ባዶ ነበር። አሁን ጃኬቷን ለብሶ መጣ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ እጁ አንድ በአንድ ሁሉንም ነካ። ፊቱ ልጅ መሰለ።

ጀማል ሞተሩን ሊያስነሳ ፕሮፔለሩን ያዘ። ሻ/ል አስፋው ወደ እኔ ዞሮ ድንጋዩ የት ጋ ነው ይለኛል። እየነገርኩት ነው፣ ልዘጋሽ።